ያልተጠራው ድንኳን ሰባሪ



ድንኳን ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው ምን ምን እንደሚጠይቅ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? ስንት ሰው ያስተኛል፣ ዝናብ ያስገባል ወይ፣ ስንት ኪሎ ይመዝናል፣ መጨረሻው ስንት ነው። ቀለሙንም ያማርጣል። ከከረጢቱ ሥር በትንሽ ኮሮጆ የታጨቁትን ካስማዎችና አብረው የተጠቀለሉትን ቀጫጭን ገመዶች ግን አውጥቶ የሚያይ የለም። ሻጩም አያሳይም። ዛሬ የማወራችሁ ኮሮጆው ውስጥ ስለቀሩት ስለ እነዚያ ነገሮች ነው። ሰው ገንዘቡን ጨርቁ ላይ ያፈሳል፤ ሌሊቱን የሚያሳድረው ግን ካስማው፣ ገመዱና መሬቱ ነው።

አብዛኞቻችን ድንኳንን የምናውቀው በሠርግና በለቅሶ ነው። የእድር ድንኳን ሲተከል ያላየ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። የሰፈሩ ጎረምሶች ቋሚውን ያነሳሉ፤ አንድ ሽማግሌ ከዳር ቆመው «ሳብ! ኧረ አላላው!» ይላሉ፤ አስፋልቱ ካስማ አልቀበል ሲል ገመዱ ከአጥር ብረት፣ ከመብራት ምሰሶ፣ ሲብስም ከቆመ መኪና ጋር ይታሰራል። ምንም አይሆንም። ቤቱና ግንቡ ነፋሱን ይመልስለታል፤ ቢዘም እንኳ ቋሚውን ብድግ ብሎ የሚይዝ ሰው ውስጡ ሞልቷል። ተራራ ላይ ለሁለት ሰው የተተከለ ድንኳን ግን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደጋፊ የለውም። ሠርጋችን ላይ ድንኳን ሰባሪ የምንለው ሳይጠራ መጥቶ በልቶ፣ ጨፍሮ፣ ሙሽሮቹን መርቆ የሚሄደውን ነው። የተራራው ድንኳን ሰባሪ ነፋስ ነው፤ እሱ መርቆ አይሄድም።

ምሳሌዬን ከስሜን ተራሮች ልውሰድ፤ በአገራችን ድንኳን በወጉ የሚፈተነው እዚያ ነውና። ከደባርቅ የሚነሳ መንገደኛ ብዙውን ጊዜ ሳንቃበር፣ ቀጥሎ ግጭ፣ ቀጥሎ ጨነቅ ያድራል። ሳንቃበር ከባሕር ወለል በላይ 3,250 ሜትር ገደማ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ 3,600 ሜትር አካባቢ ናቸው። ግጭ ላይ ዛፍ ብሎ ነገር የለም። ከጅብራና ከጓሳ ሣር በቀር ነፋስ የሚያቆም የለም፤ ጅብራም ብትሆን ለራሷ ቆማ ታድራለች እንጂ ለማንም ከለላ አትሆንም። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ከጠራ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ፣ አሥር ሰዓት ገደማ እዚያ የደረሰ ሰው ሣሩ ወርቅ መስሎ፣ ጭላዳዎቹ ተበትነው ሲግጡ ያገኛል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አየሩ ቀጥ ይላል። ቅጠል አይነቃነቅም። ድንኳኑንም የሚተክለው ያኔ ነው፤ «እንዲህ በረጋ ምሽት ገመድ ለምን አስፈለገ?» ብሎ አራት ካስማ ከማዕዘኖቹ ላይ ሰክቶ እራቱን ሊበላ ይሄዳል።

ያ እርጋታ አታላይ ነው። ቀን ፀሐይ ገደሉን ስታሞቀው አየሩ ከቆላው ተነስቶ ሽቅብ ይወጣል። ማታ መሬቱ ሲቀዘቅዝ ደግሞ አየሩ ከብዶ ቁልቁል ይወርዳል። አንዱ አብቅቶ ሌላው እስኪጀምር ባለው መሐል ነገሩ ሁሉ ጸጥ ይላል፤ ጸጥታው የሚውለውም እኛ ድንኳን በምንተክልበት ሰዓት ላይ ነው። ስለዚህ አመሻሽ ላይ ያለውን አየር አይቶ ድንኳን መትከል ቀን ሞቃት ነበር ብሎ ያለ ጋቢ እንደመውጣት ይሆናል። ድንኳን የሚተከለው ለሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው።

ነፋስ ምን ያህል ይገፋል? እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ታገሡኝ። የነፋስ ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ግፊቱ እጥፍ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ በባሕር ወለል ላይ አንድን ካሬ ሜትር በስድስት ኪሎ ያህል ይገፋል። ወደ 72 ሲደርስ ግፊቱ 25 ኪሎ ይሆናል። ግጭ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ከዚህ ላይ ሠላሳ በመቶ ገደማ ይቀነስልናል፤ ተራራው የሚያደርግልን ቸርነት ይህቺ ናት። ከተቀነሰም በኋላ ሦስት ካሬ ሜትር ጎን ባለው ድንኳን ላይ በ72 ኪሎ ሜትር የመጣ ነፋስ ግማሽ ኩንታል ያህል ይጭንበታል። ደግሞም ጭኖ ዝም አይልም፤ ይገፋል፣ ይለቅቃል፣ እንደገና ይገፋል። ካስማ የሚነቀለው አንድ ጊዜ በኃይል ስለተሳበ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲነቀነቅ ቀዳዳው እየሰፋ ነው የሚወጣው።

ወደ ሥራው እንግባ። ቦታ ስለመምረጥ አላስረዝምም። ጎድጓዳ ቦታ ውሃና ብርድ ይሰበስባል፤ የደረቀ የወንዝ መውረጃ ላይ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ቢልም አይታደርም፣ ዝናቡ ራቅ ብሎ ደጋው ላይ ሊጥል ይችላልና። የገደል አፋፍ ለፎቶ ነው። እንጦጦና መናገሻ አካባቢ የምታድሩ ሽቅብ ሳታዩ ድንኳን አትዘርጉ፤ ባሕር ዛፍ ቅርንጫፉን ሳያስጠነቅቅ ይጥላል። ቦታው ከተገኘ በኋላ ዋናው ጥያቄ ነፋሱ ከወዴት ይመጣል የሚለው ነው፤ ይህንን ደግሞ ከሰማይ ይልቅ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ስሜን ውስጥ አብረዋችሁ የሚሄዱትን፣ ስካውት የሚባሉትን ጠባቂዎችና ጭነኞቹን ጠይቁ። ሲተኙ ራሳቸውን ወደየት እንደሚያደርጉ ብታዩ እንኳ ይበቃችኋል። ከዚያ የድንኳኑን ጠባብና ዝቅ ያለ ጎን ለነፋሱ ስጡት፤ በሩ በተቃራኒው ይሁን።

ነፋስ እየነፈሰ ከደረሳችሁ ቅደም ተከተሉ ይቀየራል። ድንኳኑን ከከረጢት አውጥታችሁ ዘርግታችሁ ምሰሶ ፍለጋ አትሂዱ፤ ስትመለሱ ላታገኙት ትችላላችሁ። አንደኛው ሰው ጨርቁ ላይ ተንበርክኮ ይያዘው። ሌላው በነፋሱ በኩል ያሉትን ሁለት ማዕዘኖች ቀድሞ በካስማ ይምታ። ምሰሶው የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ዚፑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተዘግቶ ይቆይ፤ ነፋስ አንዴ ውስጥ ከገባ ድንኳኑን ነፍቶ ከመሬት ያነሳዋል፤ ያኔ የምትታገሉት ከሁለት ወገን ነው።

አሁን ካስማውን እንየው። ይኸው በእጄ ያለው። ከድንኳኑ ጋር አብሮ የመጣው ይህ ቀጭን የሽቦ ዓይነት፣ እንደምታዩት፣ በጣቴ ስጫነው ይጎብጣል። ይህኛው ደግሞ ሦስት ክንፍ ያለው ነው፤ ክንፉ አፈሩን ስለሚይዝ መሬት ውስጥ አይዞርም። ለብቻው ይሸጣል፤ ድንኳን ስትገዙ ከዋጋው ላይ ለእሱ አስቀሩ። አመታቱ እንዲህ ነው፦ ጫፉ ወደ ድንኳኑ፣ ራሱ ከድንኳኑ ራቅ ብሎ ያዘነብላል፤ ገመዱ ሲስበው ወደ መሬቱ ይበልጥ እንዲነክስ እንጂ ተንሸራቶ እንዲወጣ አይደለም። በየካምፑ ስዞር የማየው አብዛኛው ካስማ ግን የተገላቢጦሽ ወደ ድንኳኑ ያጎነበሰ ነው፤ እየሰገደለት ይመስላል። ከዚያ እስከ አንገቱ ይግባ። ገመዱ ከአፈሩ ጋር እኩል መሆን አለበት። አንድ ስንዝር ወደ ላይ ከቀረና ገመዱ ከላይ ከታሰረ፣ ያ ስንዝር ለነፋሱ ማንሻ ይሆነዋል።

«መሬቱ እምቢ ካለስ?» ትሉኛላችሁ። እምቢ ይላል። ስሜን ከታች እስከ ላይ የእሳተ ገሞራ አለት ነው፤ ጥቁሩ አፈር ብዙ ቦታ ላይ ስስ ነው፤ ካስማው አራት ጣት ገብቶ «ቂው» ይላል። በመዶሻ ብትቀጠቅጡት ይጣመማል እንጂ አይገባም። አውጡትና መዳፍ ያህል ፈቀቅ አድርጋችሁ ሞክሩ። ሁለቴ ሦስቴ እምቢ ካለ ድንጋይ ፈልጉ። እዚህም ላይ የተለመደ አጉል አሠራር አለ፤ ገመዱን ትልቅ ድንጋይ ላይ ጠምጥሞ መሄድ። ባዛልት የሚባለው ይህ አለት ስለት አለው፤ ጨርቁ በተርገበገበ ቁጥር ገመዱ ይፈገፈጋል፤ ሲነጋ የተበጠሰ ገመድ ይገኛል። ይልቅስ ሁለት ድንጋይ ውሰዱ። ገመዱን ጡጫ በሚያህለው፣ ለስለስ ባለው ትንሹ ድንጋይ ላይ አስራችሁ መሬት ላይ አስቀምጡት። ትልቁን፣ በሁለት እጅ የሚነሳውን፣ በትንሹና በድንኳኑ መካከል ገመዱ ላይ አሳርፉ። ገመዱ ሲሳብ ትንሹ ድንጋይ መጥቶ ከትልቁ ሥር ይወተፋል፤ በተሳበ ቁጥር ይጠብቃል። ጠዋት ስትነሱ ድንጋዮቹን ካነሳችሁበት መልሱ፤ ፓርክ ነው፣ ድንጋዩ ሥር የሚኖር ነገር አለ። ደግሞም የአስታ ዛፍ ቅርንጫፍ ቆርጦ ካስማ መጥረብ ክልክል መሆኑን አትርሱ።

አሸዋ ላይ፣ ለምሳሌ ላንጋኖ ዳር፣ ችግሩ ሌላ ነው፤ ካስማው ዘው ብሎ ይገባል፣ ዘው ብሎም ይወጣል። አንድ ከረጢት አሸዋ ሞልታችሁ አንገቱን በገመዱ አንቃችሁ ክንድ ያህል ቅበሩት፣ በላዩም አሸዋውን ረግጣችሁ ጠቅጥቁት። ይኸው ነው።

ገመዱ ላይ ግን ልቆይበት እፈልጋለሁ። ከድንኳኑ ጎን መሐል ላይ ትንንሽ ቀለበቶች ተሰፍተዋል፤ ብዙ ሰው ለጌጥ ይመስሉታል። ገመድ የሚታሰረው እነሱ ላይ ነው። የማዕዘን ካስማዎች ድንኳኑን ከመሬት ጋር ያይዙታል እንጂ ጎኑ እንዳይሰረጉድ፣ ምሰሶው እንዳይሰበር የሚያደርጉት እነዚህ ገመዶች ናቸው። ካስማቸው ከድንኳኑ ምን ያህል ይራቅ? ቀለበቱ ከመሬት አንድ ሜትር ላይ ካለ፣ ካስማው ቢያንስ አንድ ሜትር፣ ቦታ ካለ ደግሞ ከዚያ በላይ ይራቅ። ቀርቦ ከተመታ ገመዱ ካስማውን ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ራቅ ካለ ወደ ጎን ይስበዋል፤ አፈር ደግሞ የጎን ስበትን በተሻለ ይችላል።

አሁን ከፊት ያላችሁ ጠጋ በሉ፤ ቋጠሮውን በዚህ ወንበር እግር ላይ ላሳያችሁ። የወንበሩ እግር ካስማ ነው እንበል። ገመዱ ከድንኳኑ መጣ፣ በካስማው ዞረ፣ ጫፉ ተመለሰ። አሁን ጫፉን ከድንኳኑ በመጣው በዋናው ገመድ ላይ ጠመጥመዋለሁ፤ አንድ… ሁለት… ሁለቱም ጥምጥም በቀለበቱ ውስጥ፣ ወደ ካስማው በኩል ናቸው። አሁን ከቀለበቱ ወጥቼ በድንኳኑ በኩል አንድ ጊዜ፣ በዚያው አቅጣጫ ጠምጥሜ ጫፉን በራሱ ሥር አሾልከዋለሁ። አጠበቅሁት። እዩት፦ ቋጠሮውን ይዤ ወደ ላይ ስገፋው ይሄዳል፣ ገመዱም ይወጠራል። ገመዱን ራሱን ስስበው ግን ንቅንቅ አይልም። ገመዱ ቀጭንና ሙልጭልጭ ናይለን ከሆነ ውስጠኛውን ጥምጥም ሦስት አድርጉት። ሙሉውን አስራችሁ በጨረሳችሁት ቋጠሮ ላይ ሌላ የጫማ ቋጠሮ አትደርቡበት፤ ሌሊት በብርድ በደነዘዘ ጣት የምትፈቱት እናንተ ናችሁ።

ይህንን ቋጠሮ ለስሜን ጭነኞች ማስተማር አያስፈልግም። በቅሎ ላይ በመጫኛ ጭነት ሲያስሩ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ወጥረው ይስባሉ፣ ጉልበታቸውን በበቅሎዋ ጎን ተክለው አንድ ጊዜ ይጨምራሉ፣ ቋጠሮው ግን በአንድ ጎተታ የሚፈታ ነው። ከሁሉ በላይ የወደድኩላቸው ከተነሱ ጥቂት ቆይተው ቆም ብለው እንደገና ማጥበቃቸውን ነው። የመጀመሪያው እስራት ሁልጊዜ ይላላል። ድንኳንም ሰዓት ያህል ቆይቶ መታየት ይፈልጋል።

ወደ ክርክር የሚያመራውን ነገር ላንሳ። በዕድሜ የገፉ አባቶች ዝናብ ሲያጉረመርም «የድንኳኑን ገመድ አላሉት!» ይላሉ። ዛሬ ድንኳን የገዛ ወጣት ደግሞ «አጥብቁ» የሚል መመሪያ ያነባል። ሁለቱም እውነት አላቸው። የድሮው ድንኳን ሸራ ነው፣ ገመዱም የቃጫ ወይም የጥጥ፤ መንዝ ውስጥ ገመድ ከጓሳ ሣር ጭምር ይፈተላል። እንዲህ ያለ ገመድ ውሃ ሲጠጣ ጭረቱ ያብጥና ርዝመቱ ያጥራል። ተወጥሮ የነበረው ይበልጥ ይወጠርና ወይ ካስማውን ይነቅላል ወይ ሸራውን ይቀድዳል። አዲስ አበባ እንኳ ከእንጦጦ ወደ ፍልውሃ ከወረዱት ድንኳኖች የተነሳች ከተማ ናትና፣ ይህ የአባቶች ምክር በብዙ ክረምት የተፈተነ ነው። ናይለን ግን ተቃራኒ ነው፤ ሲረጥብ ይለጠጣል። ማታ ከበሮ ሆኖ የተወጠረው ድንኳን ጠል ሲወርድበት ይረግባል፣ የረገበ ጨርቅ ይርገበገባል፣ የሚርገበገብ ጨርቅ ካስማ ይነቅላል። ስለዚህ ከመተኛታችሁ በፊት፣ ብርዱ ቢያስጠላም፣ ባትሪ ይዛችሁ ወጥታችሁ ዙሩትና አጥብቁ። ፖሊስተር የሚባለው ጨርቅ ደግሞ እምብዛም አይለጠጥም፤ ስትገዙ ምልክቱን አንብቡ። ሸራ የያዘ አባቱን ይስማ፣ ናይለን የያዘ መመሪያውን።

በድንኳን ታሪክ ውስጥ ሁሌ የሚገርመኝ አንድ ሌሊት አለ። ቦታው አንታርክቲካ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1911 ነው። ከእንግሊዛዊው የዋልታ አሳሽ ከካፒቴን ስኮት ጓዶች ሦስቱ፣ ኤድዋርድ ዊልሰን፣ ሄንሪ ባወርስና አፕስሊ ቼሪ-ጋራርድ፣ የንጉሠ ነገሥት ፔንግዊን እንቁላል ፍለጋ በዋልታው ክረምት፣ ፀሐይ ጨርሶ በማትወጣበት ጨለማ፣ ኬፕ ክሮዚየር ወደሚባል ስፍራ ተጓዙ። በመንገድ ብርዱ ከዜሮ በታች 60 ዲግሪ ደርሷል። እዚያ እንደደረሱ የድንጋይ ጎጆ ሠርተው ጣሪያውን በሸራ ከደኑ፤ ድንኳናቸውን ከጎኑ ተክለው ዕቃ አስቀመጡበት። ድንኳኑ ካስማ አልነበረውም፤ በዙሪያው ወደ ውጭ የተዘረጋ ቀሚስ ነበረው፤ የያዘው እዚያ ላይ የተከመረበት ክብደት ነበር። ሰዎቹ ቸልተኞች አልነበሩም። ማዕበሉ ሲመጣ ግን ድንኳኑ ከሥሩ ተመንግሎ ሄደ። ቀጥሎ የጎጆው ሸራ ተተለተለ። ሦስቱ በመኝታ ከረጢታቸው ውስጥ በረዶ እየለበሱ፣ መዝሙር እየዘመሩ ተኙ። ድንኳን ከሌለ ወደ ሰፈራቸው መመለስ እንደሌለ ሁሉም ያውቁ ነበር፤ መንገዱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ነፋሱ ጋብ ሲል ፍለጋ ወጡ። ባወርስ ድንኳኑን ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ ከግማሽ ማይል ገደማ ርቀት ላይ፣ ምሰሶዎቹ እንደታጠፈ ጃንጥላ ተሰብስበው፣ ሳይቀደድ አገኘው። ከዚያ በኋላ ባወርስ ሌሊት ሌሊት ከድንኳኑ ገመድ ስቦ ከራሱ ጋር እያሰረ ይተኛ ነበር፤ ድንኳኑ ከሄደ አብሮ ሊሄድ። ሦስት እንቁላል ይዘው ተመለሱ። ቼሪ-ጋራርድ ታሪኩን እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው መጽሐፍ ጽፎታል። እኔ ከዚህ የማነሳው ስለ ጀግንነት አይደለም። እንዲህ ያሉ ሰዎችም ድንኳን ነፋስ ይወስድባቸዋል፤ ያተረፋቸው ቁልቁለቱ ድንኳኑን ይዞላቸው መቆየቱ ነው። ስሜን ላይ ግን ከቁልቁለቱ በታች ገደል ነው።

ነፋሱ ከአቅም በላይ ቢሆንስ? ምሰሶው እየጎበጠ ጨርቁ ፊታችሁን ሲመታ ውስጥ ተቀምጣችሁ በእጅ አትደግፉ። ውጡ፤ ምሰሶዎቹን አውጡ፤ ድንኳኑን መሬት ላይ አስተኝታችሁ ሻንጣና ድንጋይ ጫኑበት፣ ካስማውን ግን አትንቀሉ። የወደቀ ድንኳን ጠዋት ይነሳል። ለተሰበረ ምሰሶ ግን ምትክ ደባርቅ ላይም አይገኝም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብወርድ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። ድንኳኑ ጸንቶ ሲያበቃ፣ ብርዱ ሲብስ፣ ቀዳዳውን ሁሉ ወትፎ ከሰል ይዞ የሚገባ ሰው አለ። ከሰል የሚያወጣው መርዛማ አየር ባይታይም ይገድላል፤ ሽታ የለውም፣ አያነቃም። ማንደጃ በድንኳን ውስጥ በፍጹም አይገባም፣ «ለአፍታ እጃችንን እናሙቅ» ብላችሁም ቢሆን። የላይኛው የአየር መግቢያ ክፍት ይደር።

ሌላው ትንሽ ነገር ነው፤ ገመዶቹ ላይ ነጭ ጨርቅ ወይም ፌስታል ቁረጡና እሰሩ። ሌሊት ሽንት ቤት ሊሄድ ተነስቶ በገመድ ተጠልፎ የሚወድቅ ሰው ካስማውንም ጥርሱንም ይዞ ይነሳል።

ጠዋት ስትነቅሉ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ዕቃውን ቸኩላችሁ አታውጡ፤ ክብደቱ ይጠቅማችኋል። በነፋሱ በኩል ያሉት ሁለት ካስማዎች የመጨረሻ ናቸው። ካስማ በገመዱ አይነቀልም፣ ገመዱ ይቆረጣል፤ በሌላ ካስማ መንጠቆ ራሱን ይዛችሁ ሳቡት። ኮሮጆው ውስጥ ስትከቱ ቁጠሩ፤ ጓሳው መሐል ተረስቶ የቀረ ካስማ የበቅሎ ኮቴ ይወጋል።

ውጭ ግቢው ሣር ላይ ሁለት ድንኳን ተቀምጧል፤ አንዱ ሸራ፣ አንዱ ናይለን። አየሩም ደግነቱ ነፈስ ነፈስ እያለ ነው። ጥያቄ ያለው እየተከልን ይጠይቀኝ፤ ጫማችሁን የምታዝኑለት ከሆነ ግን ከሣሩ ዳር ቁሙ፣ ጠዋት ውሃ ጠጥቷል።